ስልክ ላይ ቴሌቪዥን፦ ተመልካቹ የሚፈልገው ምንድን ነው?

የተከበራችሁ የፕሮግራም አዘጋጆች፣ ኤዲተሮችና የማስታወቂያ ክፍል ባልደረቦች፣ እንደምን አደራችሁ?

«ሰው አሁን ቴሌቪዥን የሚያየው በስልኩ ነው» ሲባል በየስብሰባው እንሰማለን። እኔ አልስማማም። ሰው በስልኩ ማየት የሚፈልገው ፕሮግራሙን እንጂ ቴሌቪዥኑን አይደለም። ይህን ልዩነት ያልተረዱ ብዙ ገንዘብ ከስረዋል።

ደቡብ ኮሪያ በ2005 ቴሌቪዥንን በቀጥታ ወደ ስልክ ማሰራጨት ጀመረች። የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በሳተላይት የሚመጣው በክፍያ ነበር፤ ከምድር ማሰራጫ የሚመጣው በነፃ። የሚከፈልበት በ2012 ተዘጋ። ጃፓን በ2006 ተከተለች። የእነሱ ዘዴ ብልሃት አለው። አንዱን የስርጭት ቻናል 13 ቦታ ከፍለው አንዷን ክፍል ለስልክ ሰጧት። ለስልኩ ስርጭት የተለየ ደንበኝነት አያስፈልግም ነበር፣ ዳታም አይበላም ነበር። አንቴናውን መዘዝ አድርጎ ዜና ማየት ነበር።

አሜሪካ ውስጥ የስልክ ቺፕ አምራቹ ኳልኮም ፍሎ ቲቪ የሚባል በስልክ የሚታይ የቴሌቪዥን አገልግሎት ጀመረ። የራሱን ማሰራጫዎች ተከለ፣ በየወሩም አስከፈለ። በቂ ደንበኛ አላገኘም፤ በ2011 ተዘጋ። ሞገዱን የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ በ1.925 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ለምን? ለዳታ! ለቴሌቪዥን የተያዘው ሞገድ ለኢንተርኔት ሲሆን ተፈላጊ ሆነ።

ችግሩ የስክሪኑ ማነስ ነው የሚሉ አሉ። ዛሬ በዚያው ስክሪን ሙሉ ፊልም የሚያይ ሰው ስላለ ይህ አያሳምነኝም። ሰው ስልኩን የሚያወጣው የታክሲ ሰልፍ ላይ ወይም የምሳ ሰዓት ላይ ነው። የሚወደው ድራማ ግን ማታ 2 ሰዓት ነው የሚተላለፈው። በሰልፉ ሰዓት ቻናሉ የሚያሳየው የሌላ ሰው ፕሮግራም ነው። ኮሪያ ስርጭቷን በጀመረችበት በዚያው በ2005 ዩቲዩብ ተመሠረተ፤ ያሻህን ባሻህ ሰዓት እይ አለ። ቀጥታ ስርጭት የሚያሸንፈው ኳስ ላይና ትልቅ ዜና ላይ ነው። የትናንትን ጨዋታ ውጤቱን እያወቀ ማን ቁጭ ብሎ ያያል?

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ድራማው በዲሽ ከተላለፈ በኋላ ዩቲዩብ ላይ ይወጣል። አዲስ አበባ ያመለጠው፣ ቤሩት ወይም ሪያድ ሥራ ላይ የዋለች እህታችን፣ ዋሽንግተን በሌሊት ፈረቃ የሚሠራው፣ ሁሉም በሚመቸው ሰዓት ያየዋል። መብራት ሲጠፋም ስልኩ አለ። ፍላጎቱ ስላለ ስለሱ አንጨነቅ።

የሚያሳስበኝ የዳታ ወጪው ነው። እዚህ አገር ያለው ተመልካች ፓኬጁ እንዳያልቅበት ምስሉን 144 ላይ፣ ማለትም ዩቲዩብ ላይ ባለው ዝቅተኛ የምስል ጥራት ላይ አድርጎ ነው የሚያየው። እናንተ በትልቁ ሞኒተር ያሳመራችሁት ጽሑፍ እሱ ጋ ሲደርስ ጭጋግ ነው። ረጅሙ መግቢያ ሙዚቃ፣ «ባለፈው ክፍል» እየተባለ የሚደገመው፣ ስፖንሰሮችን አንድ በአንድ ማመስገኑ፣ ሁሉም ከሰውየው ብር ላይ ይቆረጣል። ማስታወቂያ ክፍል እንደማትወዱኝ አውቃለሁ፤ ግን ተመልካቹ በጣቱ አሳልፎት ይሄዳል፣ ስፖንሰሩም ሳይታይ ይቀራል።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ሲዝን ጀምሮ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ ክፍል ከመለቀቁ በፊት ኤዲተሩ በራሱ ስልክ፣ 144 ላይ፣ ያለ ኢርፎን፣ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይየው። ንግግሩ ካልተሰማ ወይም ጽሑፉ ካልተነበበ ወደ ኤዲቲንግ ይመለስ። የዳታውን ወጪ ድርጅቱ እንዲሸፍን የበጀት ጥያቄውን ዛሬ አቀርባለሁ።

አመሰግናለሁ።