«እርጅና ነው» ብለን አንለፈው

የተከበራችሁ የቅሬያችን፣ የዕድራችን አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ። አሰላሙ አለይኩም።

እዚሁ ደሴ በነርስነት የማገለግል ልጃችሁ ነኝ። ዛሬ የማነሣው የታላላቆቻችንን ምግብ ነው።

በየቤቱ እንሰማዋለን። «እማዬ እህል አልቀምስ አለች።» «አባዬ ሁለቴ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል።» ምን ሆነው ነው ሲባል መልሱ «እርጅና ነዋ!» ነው። ግማሹ እውነት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጣዕምና ሽታ መለየት ይቀንሳል። ጥርስ ይወልቃል። ጨጓራ የተበላውን ቶሎ አያወርድም፣ በትንሹ ይጠግባሉ። የውሃ ጥሙም ይደክማል። ውሃ ካነሰና እንቅስቃሴ ከቀረ ሆድ ይደርቃል፤ ሆዱ የደረቀበት ሰው ደግሞ ምግብ አያምረውም።

ሌላው ግማሽ ግን እርጅና አይደለም። ለጉልበት ሕመም እያልን ከፋርማሲ የምንገዛላቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ያቆስላሉ። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን የምግብ ፍላጎት ሊቀንስ ይችላል። የብረት ኪኒን ሆድ ያደርቃል። ያልገጠመ ሰው ሠራሽ ጥርስም አለ።

ትካዜም አለ። የትዳር ጓደኛቸው የሞተባቸው ሰው ብቻቸውን ገበታ ላይ ሲቀመጡ እህሉ አይወርድላቸውም። ይህን ከሐኪም በፊት የሚያውቀው ቅሬው ነው። ሲሞትባቸው ሁላችንም ነበርን። ድንኳን ጥለናል፣ ንፍሮ ቀቅለናል፣ «ይብሉ እንጂ» ብለን ለምነናል። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላስ ማን ሄዶ አብሯቸው በላ? እባካችሁ፣ በየሰፈሩ ተራ እናውጣ። ምሳ ይዞ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ አብሮ መብላት ነው። ወሎ ለዚህ አዲስ አይደለም።

ስለ ጫትም ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድም ያደርቃል። በርጫ የማይተዉ አዛውንት ቢያንስ በልተው ይቀመጡ፣ ውሃም አይለያቸው። ቡናውን አልከለክልም። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ከእህሉ የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋልና።

ሞልቶ የቀረበ ሳህን ገና ሲያዩት ያጠግባቸዋል። በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይቅረብ። የገብስ ገንፎ፣ አጥሚት፣ በወተት የተሠራ ቂንጬ፣ እንቁላል፣ ለስለስ ያለ ሽሮ ይሆናል። ተልባ ለሆድ ድርቀት ደግ ነው፤ ግን ከብዙ ውሃ ጋር። ጾም ላይ ያሉ ሕመምተኞች የነፍስ አባታቸውን ወይም ሸኻቸውን ያማክሩ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው።

አሁን የምለውን ግን በደንብ ያዙልኝ። 60 ኪሎ የነበሩ ሰው ሳያስቡት በ6 ወር 3 ኪሎ ከቀነሱ፣ ምግብ ጉሮሯቸው ላይ ከቆመ፣ ደጋግመው ካስመለሱ፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካለበት፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው። የብረት ኪኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ መለየቱን ለባለሙያ ተዉት። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ሚዛን ይዤ መጥቻለሁ። ስብሰባው እንዳለቀ ከ60 ዓመት በላይ የሆናችሁ በሩ አጠገብ ተመዘኑ። ኪሏችሁን በካርድ እጽፍላችኋለሁ፤ ከ3 ወር በኋላ እዚሁ እንደገና እንመዝናለን። ለመቆም የሚከብዳችሁ ካላችሁ ወንበር አለ፣ ቀድማችሁ ኑ።