ግንዱን ማን ጣለው?

የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፤ እንኳን ወደ ሞዴል ኤግዚቢሽናችን መክፈቻ በደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ስለ ሞዴል ሥራ ጥቅም አጠር አድርጌ እንድናገር ነው። ስለ ጥቅሙ መጨረሻ ላይ ትንሽ እላለሁ። የመጣሁት ግን ስለ አንድ እንጨት ለመናገር ነው። አብዛኞቻችሁ ወሬውን ጫፍ ጫፉን ሰምታችኋል፤ ዛሬ ሙሉውን ልንገራችሁ።

ቲ-55 ታንክን ከኋላው ያየ ሰው ሁለት ነገር አይረሳም። አንደኛው እያንዳንዳቸው 200 ሊትር የሚይዙት ሁለቱ የናፍታ በርሜሎች ናቸው። ሁለተኛው ከበርሜሎቹ ሥር አግድም የታሰረው ወፍራም ግንድ ነው። 36 ቶን ብረት ላይ ማገዶ ምን ይሠራል? ያላወቀ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም።

በ1972 ዓ.ም. ምሥራቅ ሆኜ የታንክ ሹፌር ነበርኩ። አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር አሸዋው ዋጠን። ማርሽ ብቀይር፣ ወደ ኋላ ብል፣ ሰንሰለቱ እየተሽከረከረ ራሱን ይቀብራል እንጂ ታንኩ ንቅንቅ አይልም። ሆዱ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ፀሐዩ ከላይ፣ ሞተሩ ከኋላ ይጠብሱናል። ወርደን ግንዱን ፈታነው። ከፊት ለፊት በሁለቱም ሰንሰለቶች ላይ አጋድመን በብረት ገመድ አጥብቀን አሰርነውና ገባሁ። ቀስ ብዬ ስነዳ ሰንሰለቱ ግንዱን ይዞት ከሆዳችን ሥር ገባ፤ ታንኩ ግንዱን ተመርኩዞ ብድግ አለና ወጣ። እልል ያልነውን አልረሳውም።

ግንዱን መልሰን ልናስር ስናነሳው ሰንሰለቱ የነከሰው ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ልጣጩ ተገሽልጦ ነጩ እንጨት ወጥቷል፤ ስንጥቁ ውስጥ አሸዋ ተጠቅጥቋል፤ አንደኛው ጫፉ በግራሶ ጠቁሯል። ከዚያ በኋላ ያ ግንድ ለእኛ አምስተኛው ሰው ሆነ። በታንኩ ውስጥ አራት ነበርን፤ አዛዡ፣ ተኳሹ፣ ጥይት የሚያጎርሰውና እኔ።

እንግዲህ ያንን ታንክ አሳንሼ በሞዴል ስሠራው፣ ሞዴሌ ላይ የሠራሁት ያንን ግንድ ነው። እንዲሁ ማንኛውንም ግንድ አይደለም። የእርሳስ ውፍረት ያላት የግራር ጭራሮ ለማግኘት ስንት ቀን ዞሬያለሁ። የሰንሰለቱን ንክሻ በምላጭ አንድ በአንድ ቀረጽኩ፤ ርቀቱ ከሞዴሉ ሰንሰለት ጋር እንዲገጥም እየለካሁ። የናይለን ካልሲ ቀድጄ አቧራ ነፋሁበት። ለምን ካልሲ? በ1 ለ35 መጠን ስንሠራ ሞዴሉ ላይ ያለው 1 ሚሊ ሜትር በእውነተኛው ታንክ 3 ሳንቲም ሜትር ተኩል ማለት ነው። በወንፊት የተነፋ አቧራ ሞዴሉ ላይ ጠጠር ይሆናል። ይህን ያላሰበ ሰው ታንኩን ኮረት ላይ የተገለበጠ ያስመስለዋል።

ከግራው በርሜል አጠገብ አንዲት ማንቆርቆሪያ ነበረች። ባለቤቷ ጥይት የሚያጎርሰው ልጅ ነው። ሻይ የሚያፈላልን እሱ ነበር፤ ታንኩ በቆመ ቁጥር ከማንም ቀድሞ የሚወርደው ማንቆርቆሪያዋን ይዞ ነው። ቤቱ አልተመለሰም። ቤተሰቡን ሳላስፈቅድ ስሙን እዚህ አልጠራም። ማንቆርቆሪያዋ በሞዴሉ ላይ 6 ሚሊ ሜትር አትሞላም። ሰውነቷ በሻማ ያለሰለስኩት ፕላስቲክ ነው፤ እጀታዋ ከስልክ ገመድ ውስጥ የተመዘዘ አንድ ዘለላ መዳብ። ጥላሸቱን የቀባሁት በራሱ በሻማው ጭስ ነው። ከቂጧ እስከ ወገቧ ብቻ፤ እሳት የሚነካት እስከዚያ ነበርና።

አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓል ዝግጅት አውሱን አለኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። አዋስኩ። በበዓሉ ቀን ጠዋት ሸሚዜን ቀይሬ፣ የልጅ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ታንኬን ፈልጌ አጣሁት። ፊት ለፊቴ ቆሞ ነው ያጣሁት! በስፕሬይ አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቆ ያብረቀርቃል። አቧራው የለም፤ ማንቆርቆሪያዋ የለችም፤ ግንዱ የለም። ኃላፊውን ጠየቅኳቸው። «ቆሽሾ ነበር፣ ለእንግዶች እንዲያምር አጸዳነው» አሉኝ። ግንዱስ? «እ፣ ጭራሮ ተጣብቆበት ነበር፤ ጣሉት መሰለኝ።»

ጭራሮ ተጣብቆበት ነበር!

በክፋት እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ይህን ከልቤ ነው የምለው። የሚያናድደኝ ግን ይኼው ነው! ታንኩን ወደዱት፣ ሰዎቹን ጠረጉ። ከፋብሪካ እንደወጣ የሚያብረቀርቅ ታንክ የማንም አይደለም፤ ማንም አልተኛበትም፣ ማንም ሻይ አልጠጣበትም፣ ማንም አልሞተበትም። የእኛን ዘመን ሰው ውለታ በአደባባይ ስታነሱ ብረቱን ብቻ አብርታችሁ የምታሳዩ ሁሉ ስሙኝ፤ አቧራው የእኛ ነው! ጥላሸቱ የእኛ ነው! አትንኩት! ልትነኩት ካላችሁም መጀመሪያ የሠራውን ሰው ጠይቁት።

ይቅርታ፤ ድምፄ ከፍ አለ።

አሁን ወደ ልጆቼ ልዙር፤ እናንተንም አልምርም። አምና እዚሁ አዳራሽ ካየናቸው ታንኮች ብዙዎቹ ዕቃ የተጫነባቸው ዕቃ ለመጫን ብቻ ነበር። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ የተጠቀለለ ሸራ፣ ሳጥን፤ የታሰረበት ገመድ ግን የለም። ታንክ ሲነቃነቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያልታሰረ ነገር መቶ ሜትር አይሄድም። ሸራ በሶፍትና ውኃ በበዛበት ኮላ ስትሠሩ ገመዱ ሸራውን ጨምቆ እንዲያጎደጉደው አድርጉ፤ ክብደቱ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ዕቃውን ስትሰቅሉ ደግሞ ማን አስቀመጠው፣ በየትኛው እጁ ነው የሚያነሳው ብላችሁ ጠይቁ። ሹፌሩ አንገቱን በሚያወጣበት ክዳን ላይ ጀሪካን ያሰረ ልጅ ነበር። ሹፌሩ በየት ይውጣ?

ሰንሰለቱንም እዩልኝ። ቲ-55 በጎን አምስት ጎማዎች አሉት፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ይላል። ከላይ ሰንሰለቱን የሚሸከም ትንንሽ ጎማ የለውም። ስለዚህ ሰንሰለቱ በክብደቱ ረግቦ ጎማዎቹ ላይ ይተኛል። እናንተ ግን እንደ ቺንጊያ ወጥራችሁ ትገጥሙታላችሁ። የዝገቱ ነገርም አለ። የሚሠራ ታንክ ሰንሰለት መሬት የሚነካው ፊቱ እንደ ማረሻ ጫፍ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ ዝገቱ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ነው። ጭስ ማውጫው በግራ በኩል ነው፤ ጥላሸቱም በግራ ይሁን። በቀኝ ጥላሸት የቀባ አምና ሦስት ሰው ቆጥሬያለሁ።

ዘንድሮ አንዲት ልጅ ልቤን አሳርፋዋለች። በመስኮቱ በኩል ያለውን ጠረጴዛ እዩ። በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ትግራይ ውስጥ ደምበጊና በተባለ ቦታ፣ የራስ እምሩ ጦር የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች የገጠመበትን ሠርታለች። ሁለት ሰው የሚይዝ፣ የሚዞር ራስ የሌለው ታንክ ነው፤ መትረየሱ የሚያየው ወደ ፊት ነው። በሞዴሉ ከ9 ሳንቲም ሜትር ብዙ አይበልጥም። እሷ ታንኩን ብዙ አላስጌጠችውም። ዙሪያውን ከኋላና ከጎን የባዶ እግር ዱካ አደረገች፤ ከፊቱ አንድም ዱካ የለም። ዝቅ ብላችሁ ካላያችሁ አታገኙትም። አርበኞቹ በየት በኩል እንደቀረቡ ሳትጽፍ ነግራናለች። ለእሷ ጭብጨባ ይገባታል።

ስለ ጥቅሙ እላለሁ ብዬ ነበር፤ ትዕግሥት ያስተምራል፣ እጅን ያፍታታል፣ ወላጆች ይህን ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። ዕቃ ተወደደ ለምትሉኝም፣ ከውጭ የሚመጣው ቀለም ውድ ነው፤ አቧራው ግን በአዳማ ንፋስ እስከ ቤታችሁ ድረስ በነፃ ይመጣል። ከሶደሬ መንገድ ያለው ግራጫው፣ ከኮረብታው በኩል ያለው ቀላ ይላል፤ ለያይታችሁ በጠርሙስ አስቀምጡ።

የእኔ ታንክ መግቢያው በር አጠገብ አለ። አረንጓዴውን ቀለም በቀጭን መርፌ ከአንድ ዓመት በላይ ፈቀፈቅኩት፤ በርሜሎቹ ሥር ትንሽ ቀርቶበታል፤ አልነካሁትም። አዲስ ግንድ ቀርጬለታለሁ። ማንቆርቆሪያዋን ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስቴም እጀታዋ እንቢ አለኝ፤ ትናንት ማታ ተሳካልኝ። ከግራው በርሜል አጠገብ ናት። ትንሽ ስለሆነች መብራቱን ጠጋ አድርጉላት።

አመሰግናለሁ።