ሰውነት መሥራት ያቃተው ስብ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ ነገር ስብ ነው። አዎ፣ ያ ሁሌ «ቀንሱ» የሚባለው ስብ።

ሰውነታችን ስብ መሥራት ያውቅበታል። ስኳርም ሆነ ዱቄት ሲበዛበት ስብ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ለዚህም ነው በ1920ዎቹ ብዙ ተመራማሪዎች «ቫይታሚኑ ከተሟላ ስቡ ቢቀርስ ምን ገደደ?» ይሉ የነበረው። እ.ኤ.አ. በ1929 ግን ተመራማሪው ጆርጅ በርና ባለቤቱ ሚልድሬድ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ አይጦችን ስብ ጨርሶ የሌለው ምግብ መገቡ። ቫይታሚን አልጎደለም። አይጦቹ እድገታቸው ቆመ፣ ጅራታቸው ቅርፊት አወጣ፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ። ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል የስብ ዓይነት በጥቂቱ ሲሰጣቸው አገገሙ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ «በጥቂቱ» የሚለው ነው።

ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው፤ ቶሎ ልለፈው። ስብ ውስጥ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት አለ። የእኛ ኢንዛይሞች ከሰንሰለቱ 9ኛ ካርቦን ወዲያ ድርብ ትስስር፣ ማለትም ሁለት ካርቦኖች በእጥፍ የሚያያዙበትን ቦታ፣ ማስገባት አይችሉም፣ ዕፅዋት ይችላሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ትስስር ያላቸውን ሊኖሌይክን፣ ማለትም መነሻውን ኦሜጋ 6፣ እና አልፋ ሊኖሌኒክን፣ ማለትም መነሻውን ኦሜጋ 3፣ ከምግብ ማግኘት ግድ ነው።

ኦሜጋ 3 ለሰው የግድ አስፈላጊ መሆኑን ለማመን ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈጅቷል። በ1982 የታተመ የአንዲት የ6 ዓመት ልጅ ታሪክ አለ። ሆዷን በጥይት ተመትታ አብዛኛው አንጀቷ ወጥቷል፤ የምትመገበው በደም ሥር ነው። ካሎሪ ይገባላታል፣ ስብም ይገባላታል፤ ስቡ ግን ከሱፍ ዘይት የተሠራ ነው፣ ሊኖሌይክ የሞላው፣ ኦሜጋ 3 የለውም የሚባል። ከወራት በኋላ ሰውነቷ ይደነዝዛት፣ እግሯን ያማት፣ ዓይኗም ብዥ ይልባት ጀመር፤ መራመድም አቃታት። በአኩሪ አተር ዘይት ሲተኩላት ምልክቶቹ ጠፉ። ታሪኩን ከጻፉት አንዱ ራልፍ ሆልማን የዚያው የጆርጅ በር ተማሪ ነበር፤ መምህሩ የጀመረውን እሱ ከሰው ላይ አየው።

ታዲያ የኦሜጋ 3 እንክብል እንዋጥ? እኔ አልቸኩልም። በ2018 ይፋ የሆነው ቫይታል የተባለው ጥናት 25,871 ሰዎችን ይዞ፣ በቀን 1 ግራም ኦሜጋ 3 ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎችን ጎላ ባለ ሁኔታ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ጉድለትን መሙላት አንድ ነገር ነው፣ በሞላው ላይ መጨመር ሌላ።

ዓሣ የማይበላ ሰው ተልባና ዋልነት አለለት። ሰውነታችን የተልባውን ኦሜጋ 3 ዓሣ ውስጥ ወዳለው ዲኤችኤ የሚቀይረው ግን በጣም በጥቂቱ ነው። ዓሣውም ቢሆን ራሱ አልሠራውም፤ ምንጩ ውሃ ውስጥ ያለው አልጌ ነው። ስለዚህ ከአልጌ የሚወጣው ዘይት ዓሣ ለማይበሉ አቋራጭ መንገድ ይመስለኛል።

ተልባን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፦ የተፈጨውን አታቆዩት። እነዚያ ድርብ ትስስሮች ኦክስጅን ቶሎ ያገኛቸዋል። ጣዕሙ መረር፣ ሽታው ቀለም ቀለም ካላችሁ ድፉት፤ ፍሬውን አስቀምጣችሁ ስትፈልጉ ፍጩ።