ጋዙን የተገፈፈው ጋላክሲ

ትዕግስት፦ በሬ፣ ባለፈው "ጋላክሲን ሰፈሩም ያስረጀዋል" ብለህ ሳትጨርሰው አለፍክ። ዛሬ አትለቀቅም።

በረከት፦ (ሳቅ) ይሁና። ጋላክሲ ኮከብ የሚወልደው ከቀዝቃዛ ጋዝ ነው። ጋዙ ካለቀ ውልደቱ ይቆማል፤ ያሉት ኮከቦች እያረጁ ቀለሙ ወደ ቀይ ይሄዳል።

ትዕግስት፦ ሰፈሩስ የት ገባ?

በረከት፦ አንዳንዱ ለብቻው ይኖራል። አንዳንዱ ክላስተር በሚባል የጋላክሲዎች መንደር ውስጥ ከመቶዎች ጋር ይጋፋል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው አለን ድሬስለር እ.ኤ.አ. በ1980 የ55 ክላስተሮችን ጥናት አወጣ። ጭንቅንቁ ባለበት መሃል ሞላላ ጋላክሲዎች ይበዛሉ፤ አብዛኞቹ መውለድ ያቆሙ ናቸው። ወደ ዳር ስትወጪ ገና የሚወልዱት ጠመዝማዞቹ።

ትዕግስት፦ ታዲያ ጋዙን ማን ወሰደው? ጎረቤት?

በረከት፦ ጎረቤትም ይጎትታል። ግን ክላስተሩን የሞላ፣ በአስር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ስስ ጋዝ አለ። ጋላክሲው በሰከንድ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተምዘገዘገ ሲገባበት...

ትዕግስት፦ ቆይ ቆይ። ስስ ከሆነ እንዴት ይገፋል?

በረከት፦ ነፋስ በሌለበት ቀን በባጃጅ ወደ ሐዋሳው አሞራ ገደል ስትሄጂ ሻሽሽን ማነው የሚገፍፈው? ፍጥነቱ ነው እኮ! ተመራማሪዎቹ ጄምስ ገን እና ሪቻርድ ጎት እ.ኤ.አ. በ1972 አስልተውታል።

ትዕግስት፦ ኮከቦቹስ አብረው አይበኑም?

በረከት፦ ንቅንቅ አይሉም። የሚገፈፈው ጋዙ ነው። ኢኤስኦ 137-001 የሚባለውን ጋላክሲ ፎቶ እዪው፤ ሰማያዊ ክሮች ከኋላው ይንዘላዘላሉ። የጋዝ ጅራቱ ወደ 260,000 የብርሃን ዓመት ይረዝማል። የሚገርመው፣ እዚያ ጅራት ውስጥ አዲስ ኮከብ ይወለዳል።

ትዕግስት፦ ኧረ በስማም! እየተዘረፈ ይወልዳል?

በረከት፦ ይወልዳል። ግን ሁሉን በሰፈር ማሳበብ አልወድም። ትልቅ ጋላክሲ ብቻውን ቢሆንም መውለድ ሊያቆም ይችላል፤ መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ጋዙን ያሞቅበታል። ሰፈር ይበልጥ የሚጎዳው ትንንሾቹን ነው።

ትዕግስት፦ የኛስ ጋላክሲ፣ ሚልኪ ዌይ?

በረከት፦ እሱ ራሱ የሰፈር ጉልበተኛ ነው። አጠገቡ ካሉት ድንክ ጋላክሲዎች አብዛኞቹ ጋዝ አልቀረላቸውም። የማጄላን ደመናዎች የሚባሉት ሁለቱ ጎረቤት ጋላክሲዎች ገና ጋዝ አላቸው፤ ጋዙም እየተጎተተ ነው። ትልቁ 160,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ግን በዓይን ይታያል።

ትዕግስት፦ ከሐዋሳ?

በረከት፦ አዎ። በጥር፣ ጨረቃ ሳትኖር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ። ከከተማው መብራት መውጣት ግን ግድ ነው።

ትዕግስት፦ መኪና ያንተ፣ ሻይ የኔ።