አንድ ስሞሽ፣ አንድ ድስት ሾርባ

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔና ናሆም ሁለት ሳምንት ሙሉ በስልክ ስንጨቃጨቅበት የከረምነውን ነገር ዛሬ ማይክ ፊት አምጥተነዋል። የወጣቶች ዲስቶፒያ ልቦለድ፣ ማለት ስለ ጨቋኝ ምናባዊ ዓለም የሚተርክ ልቦለድ፣ ነው ጉዳዩ። ሁሉን የሚቆጣጠር መንግሥት አለ፣ አንዲት የ16 ወይ የ17 ዓመት ልጅ አለች፣ እና ደግሞ ፍቅር አለ።

ናሆም፦ የእኔ ችግር እዚያች «እና» ላይ ነው።

ሜሮን፦ ይኸው ጀመረ።

ናሆም፦ ፍቅር ጠልቼ እኮ አይደለም። ግን አገር ሙሉ እየተራበ፣ ልጆች እየተገደሉ፣ ልጅቷ «የትኛውን ልጅ ልምረጥ» እያለች ስትብሰለሰል ገጹን ዘልዬ ማለፍ ያምረኛል። ትልቁ ነገር በትንሹ የተሸፈነ ይመስለኛል።

ሜሮን፦ እኔ ደግሞ ያንን ገጽ ከዘለልክ መንግሥቱንም አላየኸውም ነው የምልህ። እንዴት እንደሆነ አሳይሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለአድማጮቻችን፦ የመጽሐፎቹን መጨረሻ ሳንደብቅ ነው የምናወራው። ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጠራው።

ናሆም፦ እሺ፣ አሳዪኝ።

ሜሮን፦ «ሀንገር ጌምስ»። ሱዛን ኮሊንስ በ2008 ያወጣችው። ካፒቶል የሚባለው ገዢ ከተማ ከ12 ዲስትሪክቶች ሁለት ሁለት ልጅ ይወስዳል፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ነው። 24 ሆነው ይገባሉ፣ አንድ ብቻ እስኪተርፍ ይጋደላሉ፣ ሁሉም ነገር በቴሌቪዥን ይታያል። አሁን ዋሻውን አስታውሰው። ከዋናዋ ልጅ ከካትኒስ ጋር ከአንድ ዲስትሪክት የመጣው ፒታ እግሩ ቆስሎ፣ ትኩሳት እያቃጠለው ተኝቷል። ስለ ሞቱ ማውራት ሲጀምር ካትኒስ ዝም ልታሰኘው ትስመዋለች። ወጣ ስትል በትንሽ ፓራሹት ከሰማይ የወረደ አንድ ድስት ትኩስ ሾርባ ታገኛለች። የላከው አሠልጣኛቸው ሄይሚች ነው። ተመልካች ሲወድላቸው ስፖንሰር ይከፍላል፣ ስፖንሰር ሲከፍል ምግብ ይወርዳል። ወዲያው ነው የሚገባት፤ የአንድ ስሞሽ ዋጋ አንድ ድስት ሾርባ ነው።

ናሆም፦ አዎ፣ ያ ቦታ ይከብዳል።

ሜሮን፦ ከዚያ በኋላ ስትስመው ለምን እንደምትስመው ራሷም አታውቀውም። ለሾርባው ነው? ለካሜራው ነው? ወይስ ወዳዋለች? ደራሲዋም አትነግረንም፣ ምክንያቱም ታሪኩ የሚተረከው በካትኒስ አፍ፣ ያውም በአሁን ጊዜ ነው። ነገሩ አልፎ፣ ሰከን ብላ አስባበት የምትናገር ሴት አይደለችም። እየሆነባት ነው የምትነግርህ።

ናሆም፦ እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ይሄ ወደ አማርኛ ሲመጣ በጣም አስቸጋሪ ነው። «እስመዋለሁ» ስንል አሁንም ነው፣ ነገም ነው። «እየሳምኩት ነው» ካልሽ ደግሞ የስፖርት ዘገባ ይመስላል። አንድ ምዕራፍ ለራሴ ለመተርጎም ሞክሬ እዚያው ላይ ነው የቆምኩት።

ሜሮን፦ እና ምን አደረግክ?

ናሆም፦ ባለፈ ጊዜ ጻፍኩት። ሞተብኝ። «ሳምኩት» ስትል ነገሩ ተዘግቷል፣ ጥርጣሬው የለም። ግን ተመለሽ ወደ ክርክሩ፤ ያልሽው ሁሉ እኮ እኔን ነው የሚደግፈው። ፍቅሩ ትያትር ነው።

ሜሮን፦ ትያትር ቢሆን ይቀል ነበር። ትያትር የምትሠራ ሰው ስታበቃ ልብሷን ቀይራ ቤቷ ትሄዳለች። ካትኒስ የቱ ጋ ትያትሩ እንዳበቃ አታውቅም። ረሃብን ሆዷ ይነግራታል፣ ድካምን ጉልበቷ ይነግራታል። ልቧን ስትጠይቀው ግን መልሱ ውስጥ የካፒቶል እጅ አለበት። ወታደርና አጥር ለማሳየት ማንም ደራሲ አይቸገርም። አንዲት ልጅ የገዛ ስሜቷን ማመን እንዳትችል መደረጓን ለማሳየት ግን ያ ስሞሽ ያስፈልጋል።

ናሆም፦ እሺ፣ ይሄን ልቀበልሽ። ግን የትልልቆቹ ዲስቶፒያ ፍቅርን እንዲህ አያሽሞነሙነውም። «1984»ን አስቢ፣ ጆርጅ ኦርዌል በ1949። ጁሊያ ኮሪደር ላይ ትወድቃለች፣ ዊንስተን ሊያነሳት ጎንበስ ሲል እጁ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ታስጨብጠዋለች። ዊንስተን እዚያው አይከፍታትም። ወደ ሥራ ጠረጴዛው ይመለሳል፣ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ይቀላቅላታል፣ ሥራ ይሠራል፣ በመጨረሻ ሲያያት «እወድሃለሁ» ትላለች።

ሜሮን፦ ልብ ይሰቅላል እኮ።

ናሆም፦ ይሰቅላል! ግን ኦርዌል የሰቀለው ሊያፈርጠው ነው። 101 ቁጥር ክፍል ውስጥ አይጦቹን ሲያመጡበት «በጁሊያ አድርጉት» ብሎ ይጮኻል። በኋላ ብርድ ቀን ፓርክ ውስጥ ተገናኝተው ሁለቱም መካካዳቸውን ይነጋገራሉ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ይለያያሉ። የዛምያቲን «እኛ» ደግሞ ከእሱም የቀደመ ነው። በ1920 እና 21 ተጽፎ በ1924 በእንግሊዝኛ የታተመ። ሰዎቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው ያላቸው፤ አብሮ ለማደር ሮዝ ኩፖን ይቆረጥላቸዋል። መጨረሻ ላይ ዋናው ሰውዬ ምናቡን የሚያጠፋ ሕክምና ይደረግለትና ያፈቀራት ሴት ስትሰቃይ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ያያል። ምንም አይሰማውም። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው፣ የወጣቶቹ መጽሐፍ ፍቅሩን ሲያተርፈው ለልጆች ብሎ ዋሽቶ አይደለም ወይ?

ሜሮን፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። ስለ ሕክምናው ካነሳህ «ዴሊሪየም»ን ላምጣው፣ የሎረን ኦሊቨር፣ 2011። እዚያ አገር ፍቅር በሽታ ነው ተብሎ ታውጇል። 18 ዓመት ሲሞላህ ጭንቅላትህ ይታከምና ይጠፋልሃል። «ሮሚዮና ጁልየት»ን ተማሪዎች የሚያነቡት ማስጠንቀቂያ ይሆናቸው ዘንድ ነው።

ናሆም፦ ከዛምያቲን ጋር አንድ ነው እኮ!

ሜሮን፦ አንድ ነው፤ ግን የሚነሳበት ቦታ ይለያያል። ዛምያቲን ሕክምናውን መጨረሻ ላይ ነው ያመጣው። ኦሊቨር ገና ሲጀመር ታስቀምጠዋለች። ዋናዋ ልጅ ሊና 95 ቀን ቀርቷታል፣ ቀኑን እየቆጠረች ነው፣ ደግሞም ፈልጋው ነው! ታክማ ማረፍ ትፈልጋለች። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ማንም አስሮ አልጎተታትም። መፍራት ደክሟታል፣ መንግሥት «እኔ ከህመም አሳርፍሻለሁ» ብሏታል፣ እሷም አምናለች። ከዚያ አሌክስ የሚባል ልጅ ይመጣል። እሱን መውደድ ማለት ያን ሁሉ ህመም መልሶ እሺ ብሎ መቀበል ነው። ይሄ ለልጆች የተነገረ ውሸት አይመስለኝም።

ናሆም፦ ዕድሜው ራሱ ያስገርማል ግን። ሁሉም ጋ አንድ የተቆረጠ ቀን አለ። «ዳይቨርጀንት» የሚባለው መጽሐፍ ላይ የምትኖሪበትን ጎራ የምትመርጪው በ16 ነው። «ማችድ» የሚባለው ላይ የትዳር ጓደኛሽ የሚነገርሽ በ17። እዚህ 18።

ሜሮን፦ የመጀመሪያ ፍቅርና የመጀመሪያው «አንተ ማን ነህ፣ የት ነው የምትመደበው» የሚለው ጥያቄ አብረው ነው የሚመጡት። ለማንም ሰው። ደራሲዎቹ ያንን ቀን ወስደው መሣሪያ ጨመሩበት። በነገራችን ላይ «ማችድ»ን አነበብከው?

ናሆም፦ ባንቺ ጭቅጭቅ፣ አዎ። የአሊ ኮንዲ፣ 2010። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ላይ ቀዝቅዞብኝ ነበር። ሁለት ልጆች፣ ዛንደርና ካይ፣ መንግሥት ለዋናዋ ልጅ ዛንደርን መርጦላታል፣ እሷ ልቧ ወደ ካይ፤ «በቃ አወቅኩት» አልኩ። ከዚያ ኮረብታው ላይ ያለው ነገር መጣ።

ሜሮን፦ ንገራቸው፣ ንገራቸው።

ናሆም፦ እዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ መቶ ግጥም ብቻ ቀርቷል። መቶ ዘፈን፣ መቶ ሥዕል። ሌላው ወድሟል። ሰዎች በመሣሪያ ነው የሚጽፉት፣ በእጁ ፊደል መቅረጽ የሚችል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ካይ ይችላል። እናም ሰው ሳያያቸው እንጨት ይዞ አፈር ላይ ፊደል ያስተምራታል። አስቢው፣ የ17 ዓመት ልጅ ናት፣ ማንበብ ታውቃለች፣ ግን እጇ ፊደል ሠርቶ አያውቅም። መስመሩ ይንቀጠቀጥባታል። ከዚያ ሰው እንዳያይ በእግር ይጠፋል። ያን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማን ጋር ትሁን የሚለው ጥያቄ ከአእምሮዬ ጠፋ። ከካይ ጋር መሆን ማለት በራሷ እጅ መጻፍ ማለት ነበር። ሁለቱ አንድ ነገር ሆነው ነው የመጡት።

ሜሮን፦ እኔ ሁለት ሳምንት ስልህ የነበረው እኮ ይሄንኑ ነው! መጽሐፉ ደህና ከሆነ መንግሥቱን ብታወጣው ፍቅሩ ይፈርሳል። ያለ መንግሥቱ ያው ልጅና ያው ልጅት ያው ነገር ከሆኑ፣ ፍቅሩ ከውጭ የተለጠፈ ነው፤ እሱን ዝለለው፣ አልቃወምህም።

ናሆም፦ እና ብዙው የተለጠፈ ነው።

ሜሮን፦ ብዙው የተለጠፈ ነው። ከሱ የባሰም አለ። በ15 ዓመቴ የወደድኩት አንድ መጽሐፍ አለ፣ ስሙን አልጠራም። ልጁ ማታ ማታ ሳታውቅ ይከታተላታል፣ የት እንደምትሄድ ይወስናል፣ የሚያውቀውን ይደብቃታል፣ ስትጠይቀው «ለደህንነትሽ ብዬ ነው» ይላታል። ያኔ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አስተኝቼ ነው የማድረው። ዘንድሮ ደግሜ ሳነበው ግን ተነስቼ ተቀመጥኩ። «ለደህንነትሽ» የሚለውን ቃል እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ የሚናገር ሰው አለ። የአገሪቱ መሪ! በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ!

ናሆም፦ ደራሲው አውቆ ነው ያደረገው?

ሜሮን፦ አውቆ ቢሆን ልጅቷ አንድ ቀን ትሰማው ነበር፤ ሁለቱን ድምፅ ታገናኘው ነበር። አላገናኘችም። አግብታው አለቀ። ይሄ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም አንባቢዋ 15 ዓመቷ ነው። ከአንዱ ዘበኛ አምልጣ ወደ ሌላው ዘበኛ ስትሮጥ «ነፃ ወጣች» ብለህ ልትነግራት አይገባም።

ናሆም፦ ለዚህ ይመስለኛል እኔም የሦስትዮሽ ፍቅር ሲመጣ የምሸሸው። አንደኛው ቁጡ፣ ሌላኛው ጨዋ፣ ምረጪ።

ሜሮን፦ ጌልና ፒታስ?

ናሆም፦ እነሱ ይለያሉ። እዚያ ምርጫው ከጦርነቱ አይነጠልም። ጌል የልጅነት ጓደኛዋ ነው፣ ቁጣው ትክክለኛ ቁጣ ነው። ግን ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ወጥመድ ይነድፋል፤ መጀመሪያ አንድ ቦንብ፣ ከዚያ ሰው ለርዳታ ሲሰበሰብ ሁለተኛ ቦንብ። የካትኒስ ታናሽ እህት ፕሪም እንዲህ ባለ ቦንብ ነው የምትሞተው። የእሱ ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ አለመታወቁ በቂ ሆነ። ከዚያ በኋላ «ማንን ትመርጣለች» ብሎ ነገር የለም። ምን ዓይነት እጅ አጠገቧ እንዲኖር ትችላለች ነው።

ሜሮን፦ በሌላ በኩል ደግሞ ዳቦው።

ናሆም፦ ዳቦው! እኔን ከዚያ ሁሉ የቀረኝ እሱ ነው። የካትኒስ አባት በማዕድን ፍንዳታ ሞቷል፣ እሷ 11 ዓመቷ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም፣ ዝናብ ይዘንባል። ከዳቦ ጋጋሪዎቹ ቤት ጓሮ ወድቃለች። ልጃቸው ፒታ ሁለት ዳቦ ሆን ብሎ እሳት ላይ ይጥላል፣ እናቱ ትመታዋለች፣ ለአሳማ ስጠው ትለዋለች። እሱም ወደ ካትኒስ ይወረውርላታል። ዞር ብሎ እንኳ አያያትም። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ፊቱ አብጧል፣ እሷም ዓይኗን ስትሰብር መሬት ላይ ዳንዴላየን የምትባለዋን ቢጫ አበባ ታያለች፤ የሚበላ ተክል መሆኑ ትዝ ይላታል፣ መኖር እንደሚቻል ይገባታል። ያ አበባ ሦስት መጽሐፍ ተጉዞ መጨረሻው አካባቢ ይመለሳል።

ሜሮን፦ ዳይቨርጀንት ላይስ ምን ትላለህ? ቬሮኒካ ሮት በ2013 ሦስተኛውን ስታወጣ ዋናዋን ልጅ ትሪስን ገደለቻት፤ ስንቱ አንባቢ ተቆጣ።

ናሆም፦ ምልክቱ ቀድሞ ነበረ። ሁለቱን መጽሐፍ ትሪስ ብቻዋን ነበር የምትተርከው። ሦስተኛው ላይ ድንገት ምዕራፉን ከፍቅረኛዋ ከፎር ጋር መካፈል ጀመረች። «ለምን ሌላ አፍ አስፈለገ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሆዱ ይነግረው ነበር።

ሜሮን፦ እኔ አልጠየቅኩም፣ አለቀስኩ። ግን አሟሟቷን እወደዋለሁ። ለፍቅረኛዋ ብላ አልሞተችም። አሳልፎ የሰጣትን ወንድሟን ተክታ ነው የገባችው። ፎር ሌላ ቦታ ነበር፤ ሲመለስ ነው የሚነገረው። የቁጣው ግማሽ፣ ይመስለኛል፣ አብረው ባለመሆናቸው ነው።

ናሆም፦ አሁን ደግሞ ወደ ዋሻው ልመልስሽ። ትናንት ማታ የሀንገር ጌምስን መጨረሻ ደግሜ አነበብኩት። ፒታን ካፒቶል ይዞ ትዝታውን በመርዝ አበላሽቶበታል። የትኛው ትዝታው የእሱ፣ የትኛው የተሠራ እንደሆነ መለየት አይችልም። ስለዚህ ሰዎችን እየጠየቀ ነው የሚኖረው፤ «እውነት ነው ወይስ አይደለም?» ጓደኞቹ ይመልሱለታል። ስለ ቀለም፣ ስለ ተራ ነገር ሁሉ ይጠይቃል።

ሜሮን፦ ካትኒስን መጀመሪያ ላይ ያደረጓትን ነገር እሱን መጨረሻ ላይ አደረጉት ማለት ነው።

ናሆም፦ አዎ! እኔ ይሄን ዛሬ ከአንቺ ጋር ሳወራ ነው ያገናኘሁት። ከዚያ ጦርነቱ አልቆ፣ ተመልሰው፣ አንድ ሌሊት ይጠይቃታል። «ትወጂኛለሽ። እውነት ነው ወይስ አይደለም?» እሷም አንዲት ቃል ትመልሳለች።

ሜሮን፦ «እውነት ነው።»

ናሆም፦ እዚያ ክፍል ውስጥ ካሜራ የለም። ሾርባም አይወርድም።