ከየት የተቀዳ ነው?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ። የሙዚቃ አድማጮች ማኅበር ማይክ ቢበላሽበት መሳቂያ ነው የሚሆነው።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። እኔ ወደዚያ አልገባም። ዓመቱን ሙሉ ስንሰማቸው ስለከረምናቸው አልበሞች፣ በተለይ እንደገና ታትመው ስለሚወጡት፣ የሆዴን ላውራችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በአንድ ገጠመኝ ልጀምር። ከጥቂት ወራት በፊት ስፈልገው የኖርኩትን አንድ የሶል አልበም እንደገና በሸክላ ታትሞ አገኘሁት። ሽፋኑ ወፍራም፣ ቀለሙ ደማቅ። «ሪማስተር የተደረገ»፣ ማለትም ድምፁ እንደገና የተስተካከለ፣ የሚል ክብ ወረቀትም ተለጥፎበታል። ቤት ገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ መርፌውን አሳረፍኩ። የመጀመሪያው ዘፈን ሰላም ነው። ሁለተኛው ላይ ጠቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ ጠቅ። ደግሞ ጠቅ። ሸክላውን ጠረግኩት። መርፌ ቀየርኩ። ያው ነው። ወደ መብራት አዘንብዬ ሳየው ፊቱ እንደ መስታወት ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም። ሰዓት ይዤ ለካሁ። በየ1.8 ሰከንዱ ነው ጠቅ የሚለው። በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞር ሸክላ አንዱን ዙር የሚጨርሰው ልክ በ1.8 ሰከንድ ነው። ከዚያ ስልኬ ላይ ያለውን የዚያኑ እትም ዲጂታል ቅጂ ከፈትኩ። እዚያም ጠቅ። ስልክ ደግሞ አይሽከረከርም።

ጭረቱ የእኔ ሸክላ ላይ አልነበረማ! አሳታሚው ገልብጦ የቀዳው ከሰው አሮጌ ሸክላ ነው። ይህን ደግሞ ሽፋኑ ላይ የትም አልጻፈም።

ከሸክላ መቅዳት በራሱ ነውር አይደለም። ማስተር ቴፑ፣ ማለትም የመጀመሪያው ቀረጻ ያለበት ቴፕ፣ ጠፍቶ ሌላ አማራጭ የማይኖርበት ጊዜ አለ። የከፋኝ አለመናገሩ ነው።

ቴፑ ቢገኝም እንኳ ሥራው ቀላል አይደለም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከተሠሩት ቴፖች ብዙዎቹ በጊዜ ብዛት እርጥበት ስበው ይጣበቃሉ። እንዲሁ ይዞ ማጫወት ድምፁን ከፕላስቲኩ ላይ ልጦ ማውጣት ነው። ታዲያ ባለሙያዎቹ ምን ያደርጋሉ? ይጋግሩታል። አዎ፣ መጋገር ነው የሚባለው። በ50 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ሰዓት በቀስታ ያሞቁትና እርጥበቱ ሲወጣ፣ ተመልሶ ሳይበላሽ ቶሎ ይቀዱታል። አንድ ሰው እንዲህ ለፍቶ ካወጣው በኋላ ሌላው ደግሞ «ዘመናዊ ይሁን» ብሎ ድምፁን እስከ ጣሪያው ይገፋዋል። ሹክሹክታውም ከበሮውም እኩል ይጮኻል። ይህን ሪማስተር ሲሉት እኔ አልስማማም።

ቴፑ የት እንደነበረ ሲነገር ግን ታሪኩ ራሱ የሚደመጥ ይሆናል። የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን ማርች 6 ቀን 1963 ከነኳርቴቱ፣ ከአራት ሰው ባንዱ ጋር፣ ስቱዲዮ ገብቶ አንድ ቀን ሙሉ ተጫወተ። አሳታሚው ኩባንያ ዘንድ የነበረው ማስተር ጠፋ። ኮልትሬን ቤቱ ሊሰማው የወሰደው ቅጂ ግን በመጀመሪያ ባለቤቱ በናኢማ ቤተሰብ እጅ ቆይቶ ኖሯል። ከዚያ ተቀድቶ አልበሙ በ2018 ወጣ። 55 ዓመት! አዲስ ነው ወይስ አሮጌ? የጃዝ ወዳጆቻችን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሲሟገቱ መሽቶብናል። እኔ አዲስ ነው ባይ ነኝ።

የሁለተኛ ባለቤቱ፣ የሙዚቀኛዋ የአሊስ ኮልትሬን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። በ1982 በካሴት ያወጣችው መንፈሳዊ ዝማሬ ሲንተሳይዘርና ባለ አውታር መሣሪያዎች ተደርበውበት ነበር። በ2021 ልጇ ራቪ ድምፅዋንና ኦርጋኗን ብቻ አስቀርቶ አወጣው። ሰምታችሁታል፤ አዳራሹ ጸጥ ነበር ያለው። እውነት ለመናገር ከ1982ቱ የበለጠ ወድጄዋለሁ። ግን እሷ በሕይወት ሳለች ለሰው የሰጠችው የቱን ነው? የ1982ቱን። ስለዚህ ሁለቱም ሊገኙ ይገባል፤ አንዱ ሌላውን ማጥፋት የለበትም። በክላሲካሉ በኩል ፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ የባክን «ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ» የተጫወተባቸው ሁለት ቀረጻዎች፣ የ1955ቱና የ1981ዱ፣ በ2002 አንድ ላይ ታትመዋል። የመጀመሪያው 38 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 51 ደቂቃ ገደማ። ያው ሰው፣ ያው ድርሰት። ፍረዱ ብሎ ለእኛ መተው ማለት ይህ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ሰብሳቢያችን አሮጌ ነገር ብቻ ይወዳል፣ አዲስ አልበም የሚሠሩት ምን ይብሉ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ደርሶኛል። መልሴ ኃይሉ መርጊያ ነው። ሰውየው በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ኪቦርዱ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር። ኤርፖርት ወረፋ ሲጠብቅ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። በ2013 ያ ካሴት ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለ አሳታሚ አማካይነት እንደገና ታተመ። መድረኩ ተመልሶ ተከፈተለት። በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። አሮጌው ባይታተም አዲሱን እንሰማው ነበር? ይህ የሆነው ግን አሳታሚው ባለቤቱን ፈልጎ ስላገኘው ነው። አፈላልጎ ማነጋገር እየተቻለ ሳይጠይቁ የሚያትሙም ሞልተዋል። የእነሱን ሸክላ ቆንጆ ሽፋን አያጸዳውም።

ስለዚህ ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከመጪው ወር ጀምሮ በማዳመጫ ምሽታችን የምናጫውተው እያንዳንዱ ዳግም እትም አንድ ካርድ ይኑረው። ከምን ተቀዳ? ማን አስተካከለው? ሙዚቀኛው ወይም ወራሾቹ ይከፈላቸዋል? አሳታሚው መልሱን ካላተመ እኛ ጽፈን እንጠይቀው። ካልመለሰም ካርዱ ላይ «አልመለሰም» ብለን እንጻፍ። ማጫወቱን እናጫውት፤ እገዳ አላልኩም። ደግሞ ከእያንዳንዱ ዳግም እትም ጎን አንድ የዓመቱ አዲስ አልበም ይሰማ፤ ሮክም ይሁን ሂፕሆፕ ወይም የባህል ዜማ። ድምፅ የምንሰጠው ከዕረፍት በኋላ ነው።

እስከዚያ ያንን የሶል አልበም ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ሁለተኛውን ዘፈን ነው የማሰማችሁ። ሞባይላችሁን ዝም አሰኙልኝ፣ ጠቅታውን ከእናንተ ስልክ እንዳላምታታው። ጉባኤው ተከፍቷል።