የክሮኤሺያን ባሕር ዳርቻ ለሁለት የቆረጠችው ኔኡም

[ካርታ፦ የአድሪያቲክ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ]

የክሮኤሺያን ካርታ አንዴ ያየ ሰው ቅርጿን አይረሳውም። ከላይ ሰፋ ትላለች። ከዚያ ባሕሩን ተከትላ እየቀጠነች እየቀጠነች ወደ ደቡብ ትወርዳለች። መሬቱ ክር እስኪመስል ይቀጥናል፤ ከዚያ ድንገት ይቋረጣል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ እንደገና ይጀምራል። ስመ ጥሯ ዱብሮቭኒክ የምትገኘው በዚያ በተቆረጠው ቁራጭ ላይ ነው።

መሀል የገባችው ቦስኒያ ሄርዞጎቪና ናት። ቦስኒያ ተራራማ አገር ናት፤ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል የብስ ነው። አንዲት ጠባብ መሬቷ ብቻ ቁልቁል ወርዳ ኔኡም የምትባል ከተማ ላይ ባሕሩን ትነካለች። ይህች ባሕር ዳርቻ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ከዓለም አጫጭሮቹ አንዷ ናት። በአውራ ጎዳናው ላይ ደግሞ ከአንዱ የድንበር ኬላ እስከ ሌላው 9 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመኪና አሥር ደቂቃ።

ካርታ ላይ ሲታይ ጦርነት ያመጣው ነገር ይመስላል። አንዱ አሸንፎ፣ ሌላው ተሸንፎ፣ መሬት የተነጠቀ። ታሪኩ ግን ወዲህ ነው። ይህን መሬት ለሌላ አሳልፈው የሰጡት የዱብሮቭኒክ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ያውም ፈልገው።

[ሥዕል፦ የዱብሮቭኒክ ቅጥር ግንብ ከባሕሩ በኩል]

ዱብሮቭኒክ በዚያ ዘመን ራጉሳ ትባል ነበር፤ ራሷን የቻለች ትንሽ ሪፐብሊክ። ንጉሥ የላትም። የምትተዳደረው በመኳንንት ቤተሰቦች ምክር ቤት ነው። ሬክተር የሚባል መሪ ነበራት፤ ሥልጣኑ ላይ የሚቆየው አንድ ወር ብቻ ነው። አንድ ሰው ወንበሩ እንዳይመቸው ከወር ወር ይቀያይሩት ነበር። ብልጦች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ኑሯቸው ንግድ ነው። መርከብና ጨው። በ1333 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስቶን የተባለችውን ከተማና ፔልየሻትስ የሚባለውን ረጅም ልሳነ ምድር በገንዘብ ገዙ። ስቶን ላይ የባሕር ውሃ እየተጠራቀመ በፀሐይ ጨው የሚወጣበት እርሻ አለ። ጨው ያኔ እንደ ወርቅ ነበርና እሱን ለመጠበቅ ከተራራው ላይ እስከ ባሕሩ የሚወርድ ግንብ ገነቡ። ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ዛሬም ቆሟል። ስሙን ፔልየሻትስን ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

የራጉሳ ችግር ጎረቤቶቿ ናቸው። በየብስ በኩል የኦቶማን ቱርክ ግዛት አለ። በባሕር በኩል ደግሞ ቬኒስ። የምትፈራው የትኛውን ይመስላችኋል?

ቬኒስን ነው። ሁለቱም የባሕር ነጋዴዎች ናቸው፤ ገበያቸው አንድ ነው። ቬኒስ ከ1205 እስከ 1358 ራጉሳን ገዝታለች። ከዚያም ከእጇ ስታመልጥ ጥርሷን ነክሳ ቀረች። በዳልማሺያ (የዛሬዋ ክሮኤሺያ የባሕር ጠረፍ) ዳርቻ ያሉትን ሌሎች ከተሞች አንድ በአንድ መልሳ ያዘች፤ ራጉሳን ግን አላገኘቻትም። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ናቸው።

ኦቶማኖች በበኩላቸው ግብር ከተከፈላቸው ይበቃቸዋል። ራጉሳ በየዓመቱ 12,500 የወርቅ ዱካት ትልክላቸው ነበር። በምላሹ ነጋዴዎቿ በሰፊው የኦቶማን ግዛት ውስጥ ዝቅ ባለ ቀረጥ እንደልባቸው ይነግዳሉ። የራሷን ሕግ፣ የራሷን ሃይማኖት፣ የራሷን ባንዲራ ይዛ ትኖራለች። ክርስቲያን ከተማ ከክርስቲያን ጎረቤቷ ለመዳን በሙስሊም ሱልጣን ጥላ ሥር ተጠለለች። ያኔም ብዙዎች ጣት ጠቁመውባታል።

ጥላው ግን ሁልጊዜ የሚያስተማምን አልነበረም። ሚያዝያ 6 ቀን 1667 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈረሳት። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ ሬክተሩም ከሟቾቹ አንዱ ነበር። ከተማዋ ገና ከፍርስራሹ ሳትነሣ የቱርኩ ታላቅ ሹም ካራ ሙስጠፋ ከባድ ገንዘብ አምጡ አለ። ራጉሳ ይለምኑልኝ ብላ መልእክተኞች ላከች። ከእነሱ አንዱ ኒኮላ ቡኒች በ1678 በእስር ላይ እንዳለ ሞተ። ሌላው፣ ማሮዪካ ካቦጋ፣ ለዓመታት ታስሮ የተለቀቀው ካራ ሙስጠፋ በ1683 ቪየና በር ላይ ከተሸነፈ በኋላ ነው።

ሰዎቹ ኦቶማንን ስለወደዱት አልነበረም ጎረቤቴ ይሁን ያሉት። ቬኒስ ትብስባቸው ስለነበር ነው።

[ካርታ፦ ከ1684 እስከ 1699፣ የቬኒስ ቀለም ወደ ራጉሳ ሲጠጋ]

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። ከቪየናው ሽንፈት በኋላ ኦስትሪያ፣ ፖላንድና ቬኒስ ግንባር ፈጥረው ኦቶማንን ይገፉት ጀመር። ቬኒስ በ1687 ከራጉሳ ደቡብ ያለችውን ሄርሴግ ኖቪን ያዘች። ከሰሜን ደግሞ በኔሬትቫ ወንዝ በኩል ገባች። ከኋላ ያለውን ገጠርም መቆጣጠር ያዘች። ራጉሳ በአራቱም ማዕዘን በቬኒስ ተከበበች ማለት ነው። መሬቷን ማንም አልነካም፤ ግን ከውስጥ አገር የሚመጣው የንግድ ቅፍለት መንገዱ ተዘጋ። ከተማዋን በረሃብ ማንበርከክ የሚቻልበት ደረጃ ተደርሷል።

የራጉሳ ዲፕሎማቶች ሥራቸውን የሠሩት ያኔ ነው። ቪየና ሄደው ለመኑ፣ ኢስታንቡል ሄደው ለመኑ። ጦርነቱን የቋጨው የካርሎቪትዝ ስምምነት በጥር 1699 ሲፈረም የፈለጉት ተሳካላቸው። ቬኒስ ከራጉሳ ጀርባ ከያዘችው መሬት እንድትወጣ ተወሰነ። በራጉሳ ሁለት ጫፎች ላይ ደግሞ እስከ ባሕሩ የሚደርስ የኦቶማን መሬት ጣልቃ እንዲገባ ተደረገ። በሰሜን ኔኡም። በደቡብ ሱቶሪና።

ነገሩ ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶች አጥር ለአጥር እንዳይገናኙ መሀል ላይ ለሦስተኛ ሰው ቀጭን መሬት እንደመስጠት ነው። የቬኒስ ጦር በየብስ ራጉሳ ለመግባት ቢፈልግ መጀመሪያ የሱልጣኑን መሬት መርገጥ አለበት። የሱልጣኑን መሬት መርገጥ ደግሞ ጦርነት ነው። ራጉሳ ከራሷ ግዛት ጫፍ ላይ ትንሽ ቆርሳ ሰላሟን ገዛች። እኔ ይህን ሳነብ የተገረምኩት በርካሽነቱ ነው፤ ድንጋያማ ዳርቻ ሰጥተው አንድ ኃያል መንግሥት ዘበኛ ቀጠሩ።

በ1718 ቬኒስና ኦቶማን እንደገና ተዋግተው በፓሳሮቪትዝ ሲታረቁ ሁለቱም መሬቶች ባሉበት ጸኑ።

ከዚያስ? ከዚያ ባለጉዳዮቹ ጠፉ። ቬኒስ በ1797 በናፖሊዮን እጅ ወደቀች፤ ሪፐብሊኳ አበቃላት። የፈረንሳይ ጦር በ1806 ራጉሳ ገባ፤ በ1808 እሷም ፈረሰች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የሚፈራውም የሚያስፈራውም የለም። ቱርክ ብቻ በኔኡም ዳርቻ ቆማ ማንንም ከማንም ሳትለይ ቀረች።

መስመሩ የሚጠፋበት ጊዜ ይህ ነበር፤ አልጠፋም። በ1815 ዳልማሺያ በሙሉ፣ የቀድሞዋን ራጉሳን ጨምሮ፣ ለኦስትሪያ ተሰጠ። ኔኡም ግን የኦቶማን ናት፤ ስለዚህ ኦስትሪያ ራሷ ዳርቻዋን ተቆርጦ አገኘችው። በ1878 የበርሊን ጉባኤ ቦስኒያን ኦስትሪያ ሃንጋሪ እንድታስተዳድር ሲፈቅድ ግራውም ቀኙም መሀሉም በአንድ ዘውድ ሥር ዋለ። ያኔም ቢሆን ቦስኒያ ራሱን የቻለ አስተዳደር ተሰጣት፤ ዳልማሺያ ሌላ፣ ቦስኒያ ሌላ። መስመሩ ከአገር ድንበርነት ወደ ክፍለ አገር ወሰንነት ዝቅ ብሎ ቆየ።

የሶሻሊስት ዩጎዝላቪያ መሪዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሪፐብሊኮቹን ሲያካልሉ ለቦስኒያ የወሰዱት በመሠረቱ ያንኑ የ1878ቱን ወሰን ነው። ማንም ብዙ አልተከራከረም። ምን አጨቃጨቀው? አገሩ አንድ ነው። በ1960ዎቹ የአድሪያቲክ አውራ ጎዳና ተሠርቶ በኔኡም ሲያልፍ ኬላ አልነበረም። አሽከርካሪው ከክሮኤሺያ ወጥቶ ቦስኒያ መግባቱን የሚያውቀው ከምልክት ሰሌዳ ነው። ኔኡምም በዚያ መንገድ አደገች፤ ሆቴሎች ተሠሩ፣ ከቦስኒያ ዋና ከተማ ከሳራዬቮ ሰው እየመጣ ይዋኝባት ጀመር።

በ1991 ዩጎዝላቪያ መፍረስ ስትጀምር ያ የሰሌዳ ወሰን ድንገት ነፍስ ዘራ። የያኔው የፈረንሳይ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሮበርት ባዳንቴር ይመሩት የነበረው የአውሮፓ የግልግል ኮሚሽን በጥር 1992 ውሳኔውን አሳወቀ፦ በሪፐብሊኮቹ መካከል የነበረው ወሰን የዓለም አቀፍ ድንበር ይሆናል፤ ያለ ስምምነት አይነካም። የኮሚሽኑ ሐሳብ ግልጽ ነበር። አንዱን መስመር ከነኩት ሌላው ሁሉ ይነሣል። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ሌላው አማራጭ ከዚያ የባሰ ደም ነበር። ዋጋውን ከከፈሉት ግን አንዱ የዱብሮቭኒክ መንገደኛ ነው።

[ቪዲዮ፦ በበጋ ወራት በኬላ ላይ የተሰለፉ መኪኖች]

ከ2022 በፊት ነው፤ በሰሜኑ ቁራጭ ካለችው ከስፕሊት ከተማ ወደ ዱብሮቭኒክ በበጋ ልትሄዱ ነው እንበል። ኬላ ላይ ትቆማላችሁ፤ ፓስፖርት። ኔኡም ውስጥ አውቶብሱ ለዕረፍት ይቆማል፤ ዕቃ ረከስ ስለሚል መንገደኛው ሲጋራና ሸቀጥ ይገዛል። ትንሽ ሄዳችሁ ሌላ ኬላ፤ እንደገና ፓስፖርት። በአገራችሁ ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ ድንበር ሁለት ጊዜ ተሻገራችሁ። የሚገርመው ኔኡም ውስጥ 5,000 የማይሞላ ሰው ነው ያለው፤ አብዛኛውም በብሔሩ ክሮአት ነው። ኬላው ግራና ቀኝ ያሉ ዘመዳሞችን ነው የሚለየው።

ክሮኤሺያ በ2013 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን ጣጣው ጨመረ። ቦስኒያ አባል አይደለችም። ስለዚህ ዱብሮቭኒክ ከኅብረቱ መሬት በየብስ የተነጠለች ሆነች፤ ኅብረቱም በዚህች መተላለፊያ ለሚያልፍ ጭነት ብቻ የተለየ የጉምሩክ ደንብ ማውጣት ነበረበት።

ፔልየሻትስን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ይህ ልሳነ ምድር ከደቡቡ ቁራጭ ተነሥቶ ባሕሩ ውስጥ ወደ ሰሜን ምዕራብ ረዝሞ ይሄዳል፤ በኔኡም ፊት ለፊት ያልፋል። ስለዚህ ከሰሜኑ ቁራጭ ወደ እሱ ድልድይ ከተሠራ ቦስኒያን ሳይረግጡ ማለፍ ይቻላል። ሥራው በ2005 ተጀመረ ተባለና በገንዘብ እጦት ቆመ። በኋላ የአውሮፓ ኅብረት 357 ሚሊዮን ዩሮ ሰጠ፤ የቻይና ኩባንያ በ2018 ሥራውን ያዘ። 2,404 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ሐምሌ 26 ቀን 2022 ተመረቀ።

ቦስኒያ ውስጥ ሁሉም ደስ አላለውም። ኔኡም ያለችው ከድልድዩ ወደ ውስጥ በገባው ባሕረ ሰላጤ ነው። ወደ ኔኡም የሚመጣ መርከብ ሁሉ በድልድዩ ሥር ማለፍ አለበት። አንዳንድ የሳራዬቮ ፖለቲከኞች የባሕር በራችን ሊዘጋ ነው ብለው ጮኹ። የድልድዩ ከፍታ መጀመሪያ ከታሰበው 35 ሜትር ወደ 55 ሜትር ከፍ ተደርጎ ተሠራ። ይህን ሁሉ ስንል ግን ኔኡም ላይ ይህ ነው የሚባል የንግድ ወደብ የለም። የቦስኒያ ጭነት የሚራገፈው ትንሽ ሰሜን፣ በክሮኤሺያዋ ፕሎቼ ወደብ ነው፤ ከሳራዬቮ ጋር ባቡር ያገናኛታል። ሁለቱ አገሮች በ1998 አንቺ በኔኡም አሳልፊኝ፣ እኔ በፕሎቼ ላሳልፍሽ ዓይነት ስምምነት ተፈራርመዋል።

የደቡቧን ሱቶሪናንም አንርሳት። እሷም በ1699 በዚያው ምክንያት የተሰጠች መሬት ናት፤ ዕጣዋ ግን ተለየ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሞንቴኔግሮ ተካለለች፤ ቦስኒያም ሁለተኛ የባሕር በሯን እንደ ዋዛ አጣች። በ2015 ቦስኒያ ውስጥ ይመለስልን የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ግን ሱቶሪና የሞንቴኔግሮ እንደሆነች የሚያጸና የድንበር ስምምነት ተፈረመ።

[ካርታ፦ የክሌክ ልሳነ ምድር ጫፍና ሁለቱ ደሴቶች]

በኔኡም በኩል ገና ያላለቀ ነገር አለ። የክሮኤሺያው ፕሬዚዳንት ፍራንዮ ቱጅማንና የቦስኒያው አሊያ ኢዜትቤጎቪች በሐምሌ 1999 የድንበር ስምምነት ፈርመዋል። በስምምነቱ መሠረት ኔኡም ፊት ለፊት ያለው የክሌክ ልሳነ ምድር ጫፍና ሰው የማይኖርባቸው ሁለት ትንንሽ ደሴቶች የቦስኒያ ናቸው። ክሮኤሺያ ውስጥ ይህ ስህተት ነው ያሉ ተነሡ። ቱጅማን በዚያው ዓመት ሞቱ፤ ኢዜትቤጎቪች በ2003። የሁለቱም አገር ፓርላማ ስምምነቱን አላጸደቀውም፤ የክሌክ ጫፍና ሁለቱ ደሴቶች የማን እንደሆኑ ዛሬም ያከራክራል።